በር ያስከፈተኝ የፋን ጩኸት

ቆይ፣ ልሳቅና ልንገራችሁ፤ ዋናው መጨረሻው ላይ ነው! የሟች ባለቤቴ ፒካፕ የሞተር ማቀዝቀዣ ፋኗ ጩኸቱ ለጉድ ነበር። ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ እሰማውና የግቢውን በር እከፍትለታለሁ። እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋን ለሰፈራችን ባለሱቅ ለሙዲን ሸጥኩለት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ያ ጩኸት መጣ። ለካ እግሬ አልረሳም፣ ሮጬ በሩን ወለል! ሙዲን የጠራሁት መስሎት ሰተት ብሎ ገባላችሁ። ጋቢና ውስጥ እሱን ሳየው ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ደንግጦ፣ «እትዬ፣ ጩኸቱ ረበሸዎት እንዴ? ፋኑን ነገውኑ አሠራዋለሁ» አለኝ። «ኧረ ሙዲንዬ፣ ባሌ እኮ የሚመጣው በዚህ ድምፅ ነበር፤ ዛሬም የመጣ መሰለኝ» አልኩት። እሱም እንዲህ አለኝ፦ «እንግዲያው አላሠራውም እትዬ፤ እየጮኸ ይለፍ።»