በጉም ውስጥ የጋለ ቆርቆሮ

ጣርማ በር ላይ፣ ጉም በሸፈነው ማለዳ፤ ሾፌሩ ጓንጉል ስልሳ ሁለት ስደተኞች ከታሸጉበት የጭነት መኪና ውጭ ቆሞ፣ የፊዚክስ መምህር የነበረችው እንግዳሸት ደግሞ ከውስጥ ሆና፣ በበሩ ስንጥቅ ይነጋገራሉ።

እንግዳሸት፦ ክፈት እልሃለሁ! ሰው እየወደቀ ነው!

ጓንጉል፦ ቀስ በይ እቱ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው። ኬላው እኮ እዚሁ ታች ነው። ፈታሾቹ ፈረቃ ይቀይሩ፣ ያኔ እንነቃነቃለን።

እንግዳሸት፦ እስከዚያ አንቆይም። በሙቀት አለቅን!

ጓንጉል፦ የምን ሙቀት? ፀሐይ የታለች? እኔ እዚህ ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

እንግዳሸት፦ ፀሐይዋን ተዋት! የሚያነደን የራሳችን ገላ ነው። አስራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነው። ከፀሐይ አንድ ኪሎ፣ ከሰው ገላ አንድ ኪሎ ወስደህ ብታስተያይ፣ የሰውየው የሚያመነጨው ሙቀት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ፀሐይን የረዳት ግዝፈቷ ነው።

ጓንጉል፦ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ነው የሰው ቤት ልትጠርጊ የምትሄጂው?

እንግዳሸት፦ ቀልድ አንተ! ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይባላል፤ እዚህ ግን ሰው ለሰው እሳቱ ሆኗል። ሙቀቱ መውጫ የለውም።

ጓንጉል፦ ብከፍት ዘብጥያ ነው የምበሰብሰው። ሌሊቱን ሙሉ ስባንን ነው ያደርኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል… ቆይ! በስንጥቁ የሚወጣው ጭስ ምንድን ነው? እሳት ለኮሳችሁ እንዴ?

እንግዳሸት፦ ትንፋሻችን ነው። እስቲ ጋቢናውን ዳስሰው፤ ከዚያ ይሄን ቆርቆሮ።

ጓንጉል፦ ጋቢናው በረዶ ነው፣ ጤዛ አዝሏል። ይሄኛው… በስመ አብ! ደርቋል! ኧረ ለበረደው እጄ ይፋጃል!

እንግዳሸት፦ እኔም ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። ቅድም ሁሉም ይጮኹ ነበር። አሁን የኔን ድምፅ ብቻ ነው የምትሰማው።

ጓንጉል፦ እመብርሃን! ቁልፉ እኮ ደላላው ጋ ነው፤ ከኬላው ማዶ ነው የሚጠብቀኝ።

እንግዳሸት፦ መዶሻ የለህም?

ጓንጉል፦ የጎማ መፍቻ ብረት አለኝ። ግን ይጮኻል፤ ፈታሾቹ ሰምተው ይመጣሉ።

እንግዳሸት፦ ይምጡ!

ጓንጉል፦ ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል? … እሺ። እሺ፣ ልሰብረው ነው። ከበሩ ራቁ!

እንግዳሸት፦ ወዴት እንራቅ? ዝም ብለህ ምታው።