የአንዲት ሰደርያ ብዙ ዘበኞች

ነይ ኢንዳይ፣ ነይ እዚህ ማራገቢያው ሥር ቁጭ በይ። የደረቅ ዓሣ ቅርጫትሽን እዚያ ጥላው ላይ አኑሪው፤ ማንም አይነካብሽም። ምን ዓይነት ሙቀት ነው ዘንድሮ! ዝናቡም ዛሬ ነገ እያለ ሰማዩን ማጥቆር ብቻ… ልጆችሽስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እሰይ የኔ እናት! ቆይ ሾርባ ልቅዳልሽ። ዛሬ መቅኔው በዝቶበታል፣ ጉበቱም አፍ ላይ ይሟሟል።

ማዕዘኗ ላይ ያሉትን ሰውዬ ዞር ብለሽ አትያቸው፣ ምሳቸውን ይብሉበት። ደረታቸው ላይ የሚያብረቀርቀው? የጥበቃ ድርጅቶች ማኅበር ባጅ ነው። እኔ ምን አውቄ… ሾርባ ለሚበላ ሁሉ እቀዳለሁ፣ ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም። ጌታው! በረደብዎ እንዴ? ይጨመርልዎ፣ አይፈሩ፣ ድስቱ ሙሉ ነው!

ምን እያልኩሽ ነበር?… አዎ። የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። አንቺ የማታውቂው፣ እኔም በስም የማልጠራው አንድ ደግ ሰው አሉ። ሥራቸው የማኅበሩን አባላት፣ እነዚህን ዘበኛ የሚያከራዩ ድርጅቶች፣ መመርመር ነው። ዘበኛው ጠመንጃ አለው ወይ? ጥይት የሚመክት ሰደርያ ለብሷል ወይ? እያሉ በየበሩ ይዞራሉ። ቀላል ሥራ መሰለሽ? ንብረቱን ዘበኛ ይጠብቃል፤ ዘበኛውንስ ማን ይጠብቃል? እሳቸው ናቸዋ!

ደግሞ ጨዋነታቸው! እንደ ሌላው ድንገት ከተፍ ብሎ ሰው ማስደንገጥ አያውቁበትም። አስቀድመው ያስነግራሉ። "ማክሰኞ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ባንኩ ጋ፣ ቀጥዬ ፋርማሲው ጋ፣ ከዚያ ሩዝ መጋዘኑ ጋ።" እንግዳ ማለት እንዲህ ነው፣ ቤቱ ሳይጠረግ የማይገባ። ሌባስ ይህን ጨዋነት ቢማር ምናለበት ኢንዳይ? "ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል እመጣለሁ" ብሎ ቢያስነግር፣ የኔ ጆማር ዛሬ ክንዱ ባልተሰበረ።

ጆማርን ታውቂው የለ፣ የልጄን ልጅ? ያ ቀውላላው፣ መጋዘኑ በር ላይ የሚቆመው።

የዚያን ማክሰኞ እዚሁ ቆሜ ድስቴን አማስላለሁ። የሦስቱንም በር ዘበኞች ያከራየው የነጆማር ድርጅት ባለቤት እኒያን ደግ ሰው ከባንኩ በር ቀጥ አድርጎ ወደዚህ ይዟቸው መጣ። "ኑ እንብላ" አላቸው። እንብላ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው በኛ አገር ተወልዷል? በሉ። እንኳንም በሉ! ሲመረምር ያልበላ፣ ሲጨርስ ይቆጨዋል። የት ቢቀመጡ ጥሩ ነው ታዲያ? ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው። እሳቸው መቅኔውን ሲመጠምጡ፣ ከኋላቸው አንዲት ባጃጅ ሽው!… ምን ጭና ነበር መሰለሽ? አሁን ባንኩ በር ላይ ያዩትን ሰደርያ፣ ያዩትን ጠመንጃ፣ ያዩትን ከስክስ ጫማ። የባንኩ ዘበኛ በነጠላ ጫማ ቀረ፤ የፋርማሲው ዘበኛ ባንድ አፍታ ጄኔራል ሆነ። እዚያ ሄደው አዩ፣ አመሰገኑ። እዚያም በኮኮናት የተሠራ ጣፋጭ ቀረበላቸው። እሳቸው ጣታቸውን ሲልሱ ባጃጇ ወደ መጋዘኑ ሽው!

ጆማር ምን አለኝ? "ሎላ አያቴ፣ ሰደርያው ሲደርሰኝ በሰው ላብ ርሶ ነበር። ጫማውም ጠቦኝ ጣቶቼን አጥፌ ነው የቆምኩት።" ደረቱ ላይ ደግሞ የቤተሰብ ስም ተሰፍቶበታል፤ ማግባኑዋ ይላል። ባንኩ ጋ ማግባኑዋ፣ ፋርማሲው ጋ ማግባኑዋ፣ መጋዘኑም ጋ ማግባኑዋ። አንዱ ድፍን ያለ ወፍራም፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ የኔው ቀውላላ! እውነተኛው ማግባኑዋማ ሥራውን ትቶ መርከበኛ ከሆነ ቆየ፤ ዛሬ በየትኛው ባሕር ላይ እንዳለ እናቱም አታውቅ። ሰደርያው ግን በየበሩ ቆሞለታል… ታማኝ ሰደርያ!

እኒያ አስተዋይ ሰውስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የጆማርን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ "እናንተ ማግባኑዋዎች መቼም የዘበኛ ዘር ናችሁ!" ብለው ሳቁ። አየሽ ቅንነታቸውን? ሌላ ተጠራጣሪ ሰው ቢሆን "ይህች ሰደርያ የት ነው የማውቃት" ብሎ ልጁን ያስጨንቀው ነበር። እሳቸው ዘመድ አዝማድ ነው ያዩት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። አሁንማ ሰው ሠልጥኗል፤ ዓይን ያያል፣ ሆድ ይፈርዳል።

ብቻ ድርጅቱ "ሁሉ የተሟላለት" ተብሎ አለፈ። ባጃጇ ዕቃዋን ለቃቅማ ሄደች። ለጆማር የቀረችለት ፊሽካው ናት። ጠመንጃ አለኝ በሰማይ፣ ጥይቷንም አላይ!

ሌቦቹ መጡ። ልጁ ምን ያድርግ? ነፋ። ፊሽካውን ነፋላቸው… ክንዱን ሰብረው፣ ሩዙን ጭነው ሄዱ።

ብዪ እንጂ ኢንዳይ፣ ሾርባው ይበርድብሻል። አላለቅስም፣ ሽንኩርቱ ነው።

እኔን የሚያስቀኝ ከዚያ ወዲያ የመጣው ነው። ድርጅቱ ምን አለ? "ጠመንጃውንም ሰደርያውንም ሰጥተነዋል። የማኅበሩ ሰው በዓይናቸው አይተው መስክረውልናል። ታዲያ የታሉ? ሸጧቸዋል!" ሰማሽ? ሌቦቹ ሩዙን በልተው ተኝተዋል፤ የኔ ልጅ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ነገ ጠዋት ፖሊስ ፊት በሌብነት ይቆማል። ይታሰራል እያሉኝ ነው። እናቱ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

የምታድነው እኮ አንዲት ቃል ናት። "ሰደርያዋ አንዲት ነበረች፤ በየበሩ ያየኋት እሷኑ ነው" የምትል። እኔ ብናገራት ማን ይሰማኛል? ፊደል ያልቆጠርኩ ሾርባ ሻጭ! የተማረ፣ የተከበረ፣ ባጅ ያለው፣ በዓይኑ ያየ ሰው ነው የሚያስፈልጋት…

"ታዲያ እኒያ ደግ ሰው ለምን ዝም አሉ?" ትይኝ ይሆናል። ኧረ ተይ! በሰው አትፍረጂ! አፋቸው ሥራ በዝቶበት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ሰው መቼም ከውሻ ይሻላል፤ በበላበት ዝም ይላል። ደግሞ ሊሾሙ ነው አሉ፣ የመርማሪዎቹ ሁሉ አለቃ ሊሆኑ። ይገባቸዋል! እንዲህ ያለ ዓይን ከየት ይገኛል? እኛ ቀኑን ሙሉ ተገትረን የምናየውን እሳቸው ቁጭ ብለው ሳያዩት ያልፋሉ። ተሰጥዖ ነው እኮ።

ውይ ጌታው፣ ተነሱ እንዴ? ገና ግማሽ ሳህን! ላብ አጠመቀዎት፤ ቃሪያው በዝቶብዎት ይሆን? ኧረ ኪስዎን አይንኩ፣ ዛሬ በኔ ይሁን። እኛ ሴቶች ስለማያውቁት ሰው ስንለፈልፍ እርስዎን አሰለቸንዎት። ይቅር ይበሉን።

ሳልመርቅዎትማ አይወጡም። ሴት ልጅዎ ባንኩ ውስጥ ሥራ ጀመረች ሲሉ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት! ደማም ልጅ ናት፣ ጠዋት ጠዋት በዚህ ስታልፍ "ሎላ እንደምን አደርሽ" ትለኛለች። እሷም እንደ ልጄ ናት፣ እንደ ዓይኔ ነው የማያት። ኢንዳይ፣ አሜን በይ እንጂ።

የሃሮ ቤተ ክርስቲያናችን ማርያም ልጅዎን ከክፉ ሁሉ ትሰውርልዎት። ስትወጣም ስትገባም፣ ሠርጓን አይተው የልጅ ልጅ እስኪስሙ ድረስ፣ ጠባቂ መልአክ አይለያት። ባንኩ በር ላይም ሌት ተቀን ይቁምላት… እኒያ ደግ ሰው መርምረው "ሁሉ የተሟላለት" ያሉት መልአክ።