ያወረደኝ ባጃጅ

ዝናቡ እንዳባራ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወዳለው ቢሮዬ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ከጎኔ ሁለት ቀጫጭን ወንዶች ተቀምጠዋል፤ እኔን ደግሞ እግዜር ይመስገን ሰውነት አልነሳኝም። ጭቃ የሆነች ዳገት ላይ ስንደርስ ባጃጁ አልወጣ አለ። ሹፌሩ ዞረና እኔን ብቻ አየኝ። «ኣደይ» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ «እርስዎ ቢወርዱልኝ? ክብደት በዝቶብን ነው።» ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በንዴት እየተቃጠልኩ ወረድኩ።

እኔ ስወርድ ጎማው እዚያው በባዶ እየተሽከረከረ ባጃጁ ጭራሽ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ሁለቱ ሰዎችም ወርደው ገፉት፤ ጭቃ ለበሱ እንጂ ነቅነቅ አላለም። ሹፌሩ አንዴ ጎማውን፣ አንዴ እኔን አየና ራሱን አከከ።

«ኣደይ፣ በሞቴ ተመልሰው ይግቡልኝ። ጎማው መሬት የሚይዘው ለካ በእርስዎ ነው!»

«ክብደት በዝቷል አላልክም?»

«ምላሴን ይቁረጠው!»

ገብቼ መሃል ወንበሩ ላይ እንደ ንግሥት ተደላደልኩ። እነሱ ከኋላ ገፉ፣ ጎማው መሬቱን ነከሰ፣ ዳገቱን ወጣን። ቢሮዬ በር ላይ ልወርድ ስል ሹፌሩ እጄን ያዝ አደረገና «ኣደይ፣ ከፊቴ ሌላ ዳገት አለ፤ ትንሽ አይሸኙኝም?» አለኝ።