ዓሣ የገባበት ኩሬ

(ሞጆ፤ ማለዳ። ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ፣ ፍሳሹ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በሚያርፍበት በመጨረሻው ኩሬ ዳር፣ ባለቤቱ አቶ ሽብሩ እና የፋብሪካው ወጣት ኬሚስት ሌንሴ።)

አቶ ሽብሩ፦ እንዴት አደሩ?

ሌንሴ፦ ሰባቱ ሞተዋል፣ ጋሼ።

አቶ ሽብሩ፦ ምን? የት? በመኪና ነው?

ሌንሴ፦ እዚሁ ኩሬው ውስጥ ነዋ። የቀሩትም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

አቶ ሽብሩ፦ እኔ ሆቴል ያደሩትን እንግዶች ነው የምጠይቅሽ። ልቤ ቀጥ ብላ ነበር እኮ።

ሌንሴ፦ ዓሣዎቹን መስሎኝ ነው፣ ይቅርታ። እንግዶቹ ደህና ናቸው። ቁርስ ጨርሰው መኪና ውስጥ እየገቡ ነው አለኝ ሹፌሩ።

አቶ ሽብሩ፦ ትናንት ከዝዋይ በበርሜል ያስመጣሁት ዓሣ በአንድ ሌሊት ያልቃል? ንጹሑን የጉድጓድ ውሃ አልለቀቃችሁበትም?

ሌንሴ፦ ሲፈስበት ነው ያደረው። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ዝቃጭ ግን የትም አልሄደም።

አቶ ሽብሩ፦ በይ የሞቱትን በመረብ አውጪና ቅበሪያቸው። የቀሩት ትንሽ ይቆዩልኝ። ከባንኩ የምትመጣዋ ሴትዮ ዓሣ ሲዋኝ ታያለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ አለቀ።

ሌንሴ፦ መረቡንስ ይዣለሁ። ግን ፈራሁ፣ ጋሼ።

አቶ ሽብሩ፦ አንቺን ምን ያስፈራሻል? መፍራትስ እኔ። ጫማ ሰሪዎቹ ጣሊያኖች ያሉትን ሰምተሻል፤ የልማት ባንኩ ከገባ ተከትለን ገንዘባችንን እናስገባለን፣ እሱ ከተወው እኛም የለንም ነው ያሉት። ያኔ ክረምቱን አልሻገርም። ይህን ሁሉ ሠራተኛ ይዤ የት እገባለሁ?

ሌንሴ፦ እኔም ከሠራተኞቹ አንዷ ነኝ፣ ጋሼ።

አቶ ሽብሩ፦ ታዲያ?

ሌንሴ፦ ወይዘሮ ሐረገወይን ስለ ውሃው የሚጠይቁት እኔን ነው። ባንኩን ወክለው ሲመጡ ኬሚስቷን ጥሩልኝ ነው የሚሉት። ደግሞ... ሌላም ነገር አለ።

አቶ ሽብሩ፦ ምን?

ሌንሴ፦ ዓሣዎቹ ሲገለባበጡ እያየሁ የታች መንደር ሰዎች ትዝ አሉኝ። ጀሪካን ይዘው ወንዝ የሚወርዱት።

አቶ ሽብሩ፦ እነሱ ቧንቧ ገብቶላቸዋል።

ሌንሴ፦ ውሃ በጠፋ ጊዜስ?

አቶ ሽብሩ፦ ሌንሴ፣ ዛሬን ተዪኝ። ገንዘቡ ይግባ እንጂ ማጣሪያውን እኔው ራሴ እተክላለሁ።

ሌንሴ፦ በየትኛው ገንዘብ? ባለፈው ለማጣሪያ ስንት ይፈልጋሉ ብለው ሲጠይቁዎት፣ እርስዎ ምንም፣ የኛ ንጹሕ ነው አሏቸው።

አቶ ሽብሩ፦ ምን ልበል ታዲያ? ቆሻሻ ነኝ ብል ማን ብሩን ያመጣል? ጣሊያኖቹ ገና በር ላይ ነው አፍንጫቸውን የያዙት።

ሌንሴ፦ ጣሊያኖቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ የሚያስፈራ ነገር ካዩ ይሄዳሉ። ይህ ባንክ ግን ሌላው በፈራው ቦታ ቀድሞ እንዲገባ የተቋቋመ ነው። የተበላሸውን ያስተካክላል፣ ኪሳራም ቢመጣ በመጀመሪያ እሱ ይቀበላል፣ ከዚያ ነው ሌሎቹን ኑ የሚላቸው። ንጹሕ ብንሆንማ እኛ ዘንድ ምን ያመጣዋል?

አቶ ሽብሩ፦ ይህንንም ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩሽ?

ሌንሴ፦ ወይዘሮ ሐረገወይን ናቸው የነገሩኝ፣ ባለፈው መኪና ስንጠብቅ። አንድ ነገርም ጨመሩ።

አቶ ሽብሩ፦ ምን አለች?

ሌንሴ፦ ተበላሽቶ አግኝተነው የተውነው ፋብሪካ ጥቂት ነው፣ የዋሸን ዘንድ ግን ተመልሰን አናውቅም አሉ።

አቶ ሽብሩ፦ ጠርጥራ ይሆን?

ሌንሴ፦ እንጃ። ፈገግ ብለው ነው ያሉት። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አቶ ሽብሩ፦ ዓሣ ጨምርበት ያለኝ ጓደኛዬ ነው ጉድ የሠራኝ። ዓሣ ያለበትን ኩሬ ማንም አይመረምርም ብሎ።

ሌንሴ፦ ሌላም ተገለበጠ፣ ጋሼ።

አቶ ሽብሩ፦ አትንገሪኝ በቃ። ይህ የመኪና ጡሩምባ ነው?

ሌንሴ፦ እነሱ ናቸው። ዘበኛው በሩን እየከፈተ ነው።

አቶ ሽብሩ፦ እሺ፣ እውነቱን ነገርኳት እንበል። ተነሥታ ብትሄድስ?

ሌንሴ፦ ሊሄዱ ይችላሉ።

አቶ ሽብሩ፦ አንቺ ደግሞ ሰው ማጽናናት የሚባል አልፈጠረብሽም።

ሌንሴ፦ እኔው እየፈራሁ በምን ላጽናናዎት? ግን ከጠየቁኝ ዓሣ ይኖርበታል አልልም።

አቶ ሽብሩ፦ ባባርርሽስ?

ሌንሴ፦ እሄዳለኋ። መረቡ ይኸው።

አቶ ሽብሩ፦ አምጪው እስቲ። የጉድጓዱንም ውሃ ዝጊው።

ሌንሴ፦ ዘጋሁት። የወጡትን የት ልቅበራቸው?

አቶ ሽብሩ፦ አትቅበሪ። ሣሩ ላይ ይሁኑ።

ሌንሴ፦ ጋሼ፣ መጡ። ዓሣዎቹን አይተው ቆመዋል።

አቶ ሽብሩ፦ እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሐረገወይን። እነዚህን ዓሣዎች ትናንት ኩሬው ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሞቱ።