ለይታይሽ የተገዛው አምፕሊፋየር

በእኛ ጊዜ ድምፅ ማጉያው የሰው ደረት ነበር። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን ነው! አንድ መሪጌታ እዚህ ደብረ ኤልያስ ቆሞ ሲያዜም ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር፣ እና እኔም አርባ ዓመት ዜማ ሳስተምር የተማሪው ድምፅ ከሳሳብኝ “በርታ! ከሆድህ አውጣው!” እለው ነበር። ታዲያ የጎላ ድምፅ ሁሉ ጥሩ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ልጄን ይበልጣልን አታውቁትም፣ እናንተ ሳትወለዱ ነው ያረፈው። ዲያቆን ነበር። እዚሁ ቤት ቁጭ ብሎ ሲያዜም ራሱ የቀዳው ካሴት ትቶልናል፣ አንዲት ካሴት ብቻ። ባለቤቴ ይታይሽ እሷን ስትሰማ ኖረች፣ ኖረች፣ እና ዕድሜ መጣና ጆሮዋ ደከመ። ቴፑን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፣ ምንም የለም። አንድ ቀን ታዲያ “የኔታ፣ ይበልጣል ዝም አለኝ” ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

በነጋታው ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ዘይነባ የምትባል አለች፣ የአባቷን የሬዲዮ ሱቅ ይዛ ትሸጣለችም ትጠግናለችም። “ልጄ፣ ድምፅ የሚያጎላ ስጪኝ” አልኳት።

“አምፕሊፋየር ነው የኔታ? ስፒከር አለዎት?”

“ሁለት አለኝ፣ የወንድሜ ልጅ የሰጠኝ።”

“ስንት ዋት ይችላሉ? ስንት ኦም ናቸው? ጀርባቸው ላይ ተጽፏል።”

“እኔ ፊታቸውን እንጂ ጀርባቸውን መች አየሁ!”

ሳቀች፣ እና አንድ ትንሽዬ አወጣች። “ለአንድ ክፍል ይኼ ይበቃል። አምፕሊፋየር የሚመረጠው ስፒከሩ የሚችለው ታይቶ ነው” አለችኝ። የእኔ ዓይን ግን ከላይ መደርደሪያው ላይ፣ በሠርግ ድንኳን የምታዩት፣ ለሸክም ሁለት እጅ የማይበቃው ላይ ነው። “ያን አውርጂልኝ!”

“የኔታ፣ ለቤት ነው ለደብር?”

“አንቺ ደግሞ ስለ ድምፅ ልታስተምሪኝ ነው?” አልኳት። አዎ ብያለሁ፣ አልዋሽም። አወረደችልኝ። “እንግዲያውስ ቀስ ብለው ይክፈቱት” አለች፣ በቃ።

ቤት ገባሁና ገጣጠምኩት። በአንዱ ስፒከር ቀዩን ገመድ ከቀይ፣ በሌላው ቀዩን ከጥቁር፣ ገመድ ያው ገመድ ነው ብዬ። የቴፑን ድምፅ እስከ ጥግ፣ የአምፕሊፋየሩንም እስከ ጥግ። ደግሞ “ኤኮ” የሚሉት አለው፣ ድምፁን የሚያስተጋባው፣ እሱንም አዞርኩት። ለምን በሉኝ? ቤተ ክርስቲያናችን ማይክራፎን ከገባ ወዲህ ያለ ኤኮ ዜማ ሰምቼ አላውቅም፣ እና የዜማው ሥርዓት መስሎኝ! ታዲያ ከፈትኩት። እናንተ! ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ በር ጥሰው ወጡ። ይታይሽን ባያት ፊቷ ጠቁሯል።

“ማነው ይኼ?”

“ይበልጣል ነዋ!”

“አይደለም። ልጄ እንዲህ አይጮህም። ያጥፉልኝ።”

አጠፋሁት። ልጄን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ፣ እናንተ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ነገር አይድረስባችሁ።

ያን ጉድ ተሸክሜ ወደ ዘይነባ ሱቅ ተመለስኩ። “ብዬዎት ነበር” ትለኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ፣ እሷ ግን “ማን ነው የሚሰማው?” አለችኝ። ነገርኳት። “ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ካሴቱን እንዳይነኩት” አለች። ከማርቆስ ድረስ! እኔ እኮ ክፉ ቃል የተናገርኳት ሰው ነኝ።

ቅዳሜ ትንሽዬውን ይዛ መጣች። ስፒከሮቹን ገልብጣ ጀርባቸውን አነበበች፣ ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር አሰረች፣ ኤኮውን ዘጋች፣ የቴፑን ድምፅ አጋማሽ ላይ አደረገች። እኔ ቁም ሳጥን ላይ የሰቀልኳቸውን ስፒከሮች አውርዳ በርጩማ ላይ፣ በይታይሽ ጆሮ ልክ አቆመቻቸው። ሶኬቱን መጨረሻ ላይ ሰካች። ከዚያ ቀስ እያለች ስትከፍት ዓይኗ አምፕሊፋየሩ ላይ አልነበረም፣ ይታይሽ ፊት ላይ ነው። “እማማ፣ ትንሽ ልጨምር? እዚህ ጋ?”

መጀመሪያ የካሴቱ ሽሽሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ከዜማው በፊት ይበልጣል ተናገረ፣ እኔ ያን ያህል ዘመን ዜማውን እንጂ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። “እማዬ፣ በሩን ዝጊልኝ፣ ልቀዳ ነው” አለ።

“እሺ ልጄ” አለች ይታይሽ። እና ልትነሣ! ጉልበቷ እምቢ ብሏታል፣ ወንበሩን ይዛ ትታገላለች። ዘይነባ ብድግ ብላ በሩን ዘጋችላት። ከዚያ ልጄ አዜመ። ሦስታችንም አለቀስን፣ አልደብቃችሁም።

አሁን በየማለዳው ይከፈታል። ዘይነባን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም፣ እና ጸሎት ሳደርስ ስሟን ከልጆቼ ስም ጋር እጠራለሁ። ሙስሊም ናት፣ ደስ ይበላት አይበላት ሳልጠይቃት!

“ይንገሯት እንጂ የኔታ!” አልናቸው፣ ዙሪያቸውን የተቀመጥነው ልጆች።

ነገርኳት እኮ! ሃ ሃ! ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት። “እኔስ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለይበልጣል ዱዓ ሳላደርግ የቀረሁ መሰለዎት?” አለችኝ።