ሀዋ ሰተት ብላ የምትገባበት ቤት

በእኛ ጊዜ እዚህ ጅግጅጋ በር የሚባለው ነገር ለነፋስና ለፍየል ነበር፣ ለሰው አልነበረም። ሰው ሰተት ይላል። ሰተት ምንድን ነው አላችሁኝ አይደል? ቆዩ ላስረዳችሁ። ከካራማራ ቁልቁል ሾፌሩ ማርሽ ሲፈታ መኪናው እንዴት ነው የሚሄደው? ያለ ጩኸት፣ ያለ መንገጫገጭ፣ ሰተት ይላል። ክርም በመርፌ ዓይን አንዴ ካለፈ ሰተት ነው። ከየት መጣ ለምትሉት መጽሐፍ አላየሁም፤ ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስሸጥ ነው የኖርኩት። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ከድምፁ ነው። ሐር በሁለት ጣትህ ይዘህ ሳበው፣ ጆሮህን አስጠጋ፣ ራሱ ይነግርሃል። ታዲያ ለሰው ሲሆን ማንም ሳያስቆምህ፣ አንተም ሳታመነታ መግባት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋል፣ ልብ በሉ። የሚያስቆም ባይኖርም ካመነታህ ሰተት አላልክም።

ጎረቤታችን ሀዋ፣ የግመል ወተት ነጋዴዋ፣ መጀመሪያ የመጣች ቀን ደጅ ቆማ «ሆዲ! ሆዲ!» አለች። ሶማሌ ሰው ቤት ሲገባ እንዲህ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው፣ እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው። ባለቤቴ እቴነሽ «ምን ውጭ ያስቆምሻል? ሰተት በይ እንጂ!» አለቻት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሀዋ ተጣርታ አታውቅም። ትገባለች፣ ቀጥታ ወደ ድስቱ፣ ክዳኑን ታነሳለች።

«ዛሬም ሽሮ? ኧረ አቦ እቴነሽ፣ ይሄ ፆማችሁ ማለቂያ የለውም?»

«አንቺን ማን ጠራሽ? ወተትሽን አስቀምጪና ውጪ!»

«አልወጣም!» ትላለች፣ ቁጭ።

እና ያ ሐምሌ መጣ። ከተማው የተረበሸ ጊዜ፣ ሱቅ ሲቃጠል፣ ሰው ሲሸሽ። ሀዋ ሰተት ብላ ገባች፣ እቴነሽን ሶማሌ እንድትመስል በራሷ ሻሽ ሸፈነቻት፣ «ተነሱ፣ ወደ እኔ ቤት፣ አሁን!» አለች፣ እና እስኪረጋጋ እሷው ጋ ቆየን። ይሄን አልረሳም፣ እናንተም አትርሱ።

ከዚያ በኋላ ደገሀቡር መሥሪያ ቤት የሚሠራው ልጃችን መጥቶ የብረት በር አስገጠመ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር። «አባዬ፣ እዚያ ሆኜ እንቅልፍ ይውሰደኝ» አለ። ምን ልበለው? ፈርቷል። ሀዋ ወተቷን ይዛ መጣች፣ ብረቱን አየችው፣ እና «ሆዲ! ሆዲ!» አለች። እቴነሽ ሮጣ ከፈተች።

«ምነው ሀዋ፣ እንግዳ ሆንሽ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? በሩ ነው እንጂ» አለች፣ ሳቀች፣ ድስቱ ጋ ግን አልሄደችም። በረንዳ ላይ ወተቱን ቀድታ ሄደች። እንዲሁ ዓመታት አለፉ።

ታዲያ እቴነሽ ታመመች፣ አልጋ ያዘች። ሀዋ ትጣራለች፣ እኔ እከፍታለሁ፣ ጠይቃት ትሄዳለች። አንድ ቀን እቴነሽ «ስማ» አለችኝ፣ «በሩን ክፈተው። ሀዋ እንደ ድሮዋ ስትገባ ልስማት።»

«ገርበብ ላድርገው?»

«ወለል አድርገህ!»

ወለል አድርጌ ከፈትኩት፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ጠበቅን።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ሀዋ መጣች፣ የተከፈተውን በር አየች። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ በዚህ ከተማ ወለል ብሎ የተከፈተ በር ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ዘራፊ ገብቷል፣ ክፉ ደርሷል ማለት ነው። የወተት ዕቃዋ ሲወድቅ ሰማን። «እቴነሽ! ኧረ እቴነሽ!» ብላ ጮኸች ከውጭ፤ እኔ «ደህና ነን፣ ግቢ!» እስክል ልጆቿን ልትጠራ ሮጣለች። እቴነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ዝጋው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ሞተች።

የለቅሶ ቤት ደግሞ አይዘጋም። ድንኳን ተተከለ፣ ያ ብረት ወለል ብሎ ሰነበተ። ሀዋ መጣች፣ አልተጣራችም፣ አልቆመችም፣ በወንዶቹ መሀል አልፋ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት፣ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠች። ሰተት ማለት እሱ ነው፤ አየሁት። «አሁን ገባሽ?» አልኳት። ሳቅ መጣብኝ፣ ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«አሁንስ ትመጣለች ጋሼ?» አላችሁኝ አይደል?

ትመጣለች እንጂ። ወተቱን በሩ ላይ ሰጥታኝ ትመለሳለች። «ግቢ እንጂ» ስላት «ማን ጋ?» ትለኛለች።