ማን እያባረራት ነው?

ከነገሌ ወደ ክብረ መንግሥት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ያለች አንዲት ወጣት ከጎኗ የተቀመጡትን እናት አወቀቻቸው።

«አካም፣ እትዬ። ትናንት ልጅዎ ስትሮጥ ማን እያባረራት ነው ብሎ ሰፈሩ ዱላ ይዞ ወጣ እኮ።»

«ማንም አላባረራትም። ሐኪሞች ናቸው ሩጪ ያሏት።»

«ታማለች እንዴ?»

«ገና ነው። ግን እንደ ወንድሟ ስኳር ሊይዛት እንደሚችል ደሟ ላይ ታየ። ስፖርት ያዘገየው እንደሆነ ሊያጠኑ ነው፤ እሷንም አስገቧት።»

«ያድናታል?»

«አያድንም አሉ። አንድ ዓመት ያለ መርፌ ብታድግልኝ ግን ለእኔ ሠርግና ምላሽ ነው።»

«ነገም ትሮጣለች?»

«ትሮጣለች እንጂ።»

«በሉ ነገ ዱላውን ጥለን እንከተላታለን፤ ፊጊ፣ ሩጪ እያልን።»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለልኩትን የልጄን ኢንሱሊን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።